አባባ ካልጨፈረ

«አልጀመረም እንዴ?» ይላል አባቴ፣ ከሚጠግነው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ብቅ ብሎ።

«ሙዚቃው ከጀመረ ቆየ እኮ አባባ።»

«እኔ ደግሞ ፍሪጁ መስሎኝ።»

እህቴ በሳቅ ፍርስ ትላለች። ቅዳሜ ታገባለች። አሁን የአባባ ጥገና ቤት ባንኮኒ ላይ ወጥታ፣ ባዶ እግሯን እያወዛወዘች፣ እንደ ዳኛ ትመለከተናለች። ፍርዷን ትናንት ራት ላይ አሰምታለች፦ በሠርጓ ሙዚቃ የማጫውተው እኔ ነኝ፣ አባባ በሥራዬ ከጨፈረ። አባባ ካልጨፈረ ግን ቁጥሩ ስልኳ ላይ የተቀመጠ አንድ ዲጄ አለ፤ ይደወልለታል።

«እሱ እግሩን ካላነሳ ማን ሊያነሳ ነው፣ እትዬ?» ብላኛለች።

እውነቷን ነው። አባቴ እንኳን በሙዚቃ በመኪና ጥሩምባም ይጨፍራል። በወጣትነቱ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሸክላ ያጫውት ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ወደ ጥገና ገባ፤ ደንበኞቹ ግን ዛሬም ጋሽ ዲስኮ ነው የሚሉት።

እኔ ደግሞ ሩቅ አገር ሄጄ በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት ተማርኩ። እዚያ ሥራዬን ሳሰማ መምህሮቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ይሉኛል። ከወንበሩ የተነሳ ሰው ግን አላየሁም። ከተመለስኩ ወዲህ ይሄ ነገር ያብሰለስለኛል። ያን ሁሉ ዘመን የተማርኩት ሰውን አርፎ ማስቀመጥ ይሆን እንዴ?

ሌላ ሥራዬን እከፍታለሁ። አባባ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ ለማድመጥ ይሞክራል። እየሞከረልኝ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

«ምን መሰለሽ ልጄ» ይላል ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ። «በእኛ ጊዜ አንድ ዘፈን ውስጥ ስንት ሰው ነበረ! ቫዮሊን የሚጫወተው በሰልፍ፣ ጥሩምባ የሚነፋው፣ ዘፋኟ ከነአጃቢዎቿ። ከዚያ እናንተ መጣችሁ። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹን አባረራችሁ። ቀጥሎ ጥሩምባውን። ዘፋኟንም ‹አንድ ቃል ይበቃሻል፣ እሱኑ ደጋግሚ› አላችኋት። ከበሮ መቺው ቀርቶ ነበር፣ እሱንም በማሽን ተካችሁት። ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልጨፍር?»

«እኔ አይደለሁም ያባረርኳቸው። ስወለድ ሄደው ነበር።»

«ቢሆንም ተመለሱ አላልሻቸውም።»

«ልደውል?» ትላለች እህቴ ስልኳን አንስታ።

«ቆይ እንጂ! ባልሽንም እንዲህ ነው የምታጣድፊው?» ይላታል አባባ፣ ለእኔ አዝኖ። ወደ ሥራው ይመለሳል።

የማሽኑን ጀርባ ይገጥማል። ለሙከራ እርጥብ ብርድ ልብስ ሆዱ ውስጥ ጠቅጥቆ መጭመቂያውን ያስነሳዋል። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ይዞራል፣ ሊፈጥን ሲል ያቅተዋል። ብርድ ልብሱ ወደ አንድ ጎን ተጠቅልሎ ቆርቆሮውን ከውስጥ ይደልቃል። ዱም። ዱም። ዱም። ዱም። አይፈጥን፣ አይዘገይ።

«ኧረ ይሄ ነገር! ስፕሪንጉን ቀይሬው የለም እንዴ?»

እጁን ወደ ማጥፊያው ይሰዳል። ሳይነካው ግን ቆም ብሎ ብልሽቱ ከየት እንደሆነ ለመለየት ጆሮውን ይጥላል። ቀድሜ የማየው ካቻቢቴውን ነው። ጭኑን መምታት ጀምሯል፤ ከማሽኑ ጋር ሳይሆን በምቶቹ መሀል። ዱም፣ ጠብ፣ ዱም፣ ጠብ። ከዚያ አንገቱ ይከተላል።

«አባባ፣ እንዳታጠፋው!»

«ሞተሩ ይቃጠላል እኮ!»

«ትንሽ ብቻ! በሞቴ!»

ማይክሮፎኔን ክዳኑ ላይ አጋድሜ እቀዳለሁ። ላፕቶፑ ላይ የራሴን ከበሮ አጠፋዋለሁ፣ ስንት ቀን የለፋሁበትን። ቤዙን ብቻ አስቀርቼ ፍጥነቱን ከማሽኑ ጋር አገጥማለሁ። ቤዙ ከስፒከሩ ሲወጣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች በየቆርቆሯቸው ይንጫጫሉ።

በሩ ይከፈታል። የማሽኑ ባለቤት፣ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ናት።

«ጋሽ ዲስኮ፣ ማሽኔ ደረሰልኝ?» ብላ ትገባና ክው ትላለች። «ውይ! ቤትም እንዲህ እያደረገኝ እኮ ነው ያመጣሁት!»

«እየተሠራ ነው» ይላል አባባ ዞር ሳይል።

«እርስዎ እየጨፈሩ አይደል እንዴ?»

«ማ? እኔ?»

ጎንበስ ብሎ እግሩን ያየዋል። የሌላ ሰው እግር ይመስል ይደነቅበታል። አያስቆመውም።

ማሽኑ በንዝረቱ እየተንፏቀቀ ወደ በሩ መሄድ ይጀምራል። «ወዴት ነሽ አንቺ!» ብሎ አባባ ሁለት ጎኗን ይይዛታል። ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወገቧን እንደያዘ ይከተላታል። ፀጉር ሠሪዋ «አቤት የእኔ ጉድ!» እያለች ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች። ትከሻዋ ግን ቀድሟታል።

በመጨረሻ ማሽኑ ቋ ይላል። ይዝላል፣ ውሃውን ይተፋል፣ ጸጥ ይላል። የቀዳሁት ምት ግን እየተደጋገመ ከስፒከሩ እየወጣ ነው፤ ዱም፣ ዱም። አባባ የቆመውን ማሽን እንዳቀፈ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩ አላረፈም።

ዳኛዋን ለማየት ዞር እላለሁ። ባንኮኒው ላይ ያለው በግንባሩ የተደፋ ስልኳ ብቻ ነው፤ ባዶ እግሯ ወለሉን እየመታ ነው።