የተሸፈነ አድራሻ

ጥልፍ ሠሪዋ ሴትዮ የመንገዱን ጭቃ ተሻግረው ሲመጡ፣ ኮምፒውተር ሠሪው የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ከፍቶ አቧራውን በብሩሽ ይጠርግ ነበር።

«ኢንተርኔት ላይ ስም አውጣልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሰው ጽፎ የሚያገኘኝ።»

«ሥራዎን ሊያስተዋውቁ? ደግ አሰቡ፣ እትዬ። ማን እንበለው?»

«ድንቼ።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ጥልፉን ትተው አትክልት ሊነግዱ ነው እንዴ?»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። «አንተ ብቻ ጻፈው። የሚያውቀው ያውቀዋል።»

ፈልጎ አየ። ስሙን የያዘው አልነበረም። ማን ይይዘዋል! ከዚያ ወንበሩን ወደ እሳቸው አዙሮ አስረዳቸው። ስም መዝጋቢዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ርካሹ ሸጦልዎ ዞር ይላል፤ ቢደውሉ የሚያነሳ የለም። ይባስ ብሎም የባለቤቱን ስም፣ ስልክና አድራሻ ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ያሰጣዋል። ውዱ ግን ያንን ሁሉ ይሸፍናል። የሚፈልግዎ ሰው ቢኖር ለድርጅቱ ይጽፋል፤ ድርጅቱ ለእርስዎ ያሳልፋል።

«ርካሹን።»

«እትዬ፣ ልዩነቱ እኮ የአንድ የጠረጴዛ ልብስ ዋጋ ነው።»

«ርካሹን አልኩህ። ስልኬን አስተካክለህ ጻፍ፤ እንዳትሳሳት።»

ስስት መሰለው። የታዘዘውን ጻፈ፤ እጁ ግን እሺ አላለውም።

ምክንያት ነበረው። ከስምንት ዓመት በፊት የእህቱ ባል አንገቱን ደፍቶ መጥቶ፣ «ልታረቃት ነው፤ የት ነው ያለችው?» አለው። ነገረው። እህቱ ዛሬ በአንድ ዓይኗ ነው የምታየው። በዚያችው በአንዷ ዓይኗ ስታየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ደጁ ላይ ቆሞ የሚጸልያት አንዲት ጸሎት ነበረችው፤ «ጌታዬ፣ ዳግመኛ በእኔ አፍ ሰው አይጎዳ።»

ስሙ በተመዘገበ በሁለተኛው ወር የሴትዮዋ ስልክ መጮህ ጀመረ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። አንድ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ሳሉ ጮኸባቸው። ወዲያው አነሱት። ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንጂ ቃል አልነበረም።

«አቤት… አለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም።»

ተዘጋ።

«ማነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ለፖሊስ እንንገር እንጂ!»

«ተው! አንዳንድ ነገር ሲያወሩት ይበናል» ብለው ወጡ።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ የማያውቀው ነገር አልነበረም። «ባልየው ነዋ! እጁ የሚፈጥን ክፉ ሰው ነበር። የዛሬ ሃያ ዓመት እሳቸው ገበያ ውለው ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አድርጎ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶም አይተውህም።»

ኮምፒውተር ሠሪው ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ ፍርሃት መሰለው። ሴትዮዋ ወንበራቸውን ደጃፍ አውጥተው፣ ወደ መንገዱ ዞረው ይጠልፋሉ። ወጣት ወንድ ባለፈ ቁጥር መርፌውን አቁመው ፊት ፊቱን ያያሉ። ባልየው ሰው ይልክብኛል ብለው ነው አለ በልቡ። በራቸውን ግን አይቀረቅሩም።

«ኧረ ይቀርቅሩት፣ እትዬ!»

«የሚመጣ ከሆነ ክፍት ያግኘው» አሉ፤ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው መሰሉት።

በማግስቱ ስልካቸው ቻርጅ አልይዝ ብሎ አመጡለት። ጠገነው። ከዚያ እንደ ሌባ ግራና ቀኙን አይቶ፣ በየሳምንቱ የሚደውለውን ረጅም የውጭ አገር ቁጥር ዳግመኛ እንዳይገባ ዘጋው። ስሙንም ከርካሹ አውጥቶ፣ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ ወደ ውዱ አዛወረው። ሴትዮዋ ኢሜይል ስላልነበራቸው የሱቁን ሰጠ። አድራሻቸው ተሸፈነ። ለሴትዮዋ ትንፍሽ አላለም። የዚያን ዕለት ጸሎቱ ምስጋና ብቻ ነበር።

ስልኩ ጸጥ አለ።

ውዱ ድርጅት ግን ወሬ ይወድ ነበር። በየሳምንቱ «መልእክት አለዎት» እያለ ይልካል። ማስታወቂያ ነው፤ ገንዘብ የቀመሰ መቼ ይጠግባል እያለ ሳይከፍት ያልፈዋል።

አንድ ቀን ሴትዮዋ መጡ። «ስልኬ ተበላሸ መሰለኝ። እስኪ ደውልልኝ።»

ደወለ። ፊት ለፊቱ ቆመው፣ ገና ጮኾ ሳይጨርስ አነሱት።

«ይሠራል» አሉ ቀስ ብለው።

«እግዜር ሸፈነዎት፣ እትዬ! ደስ ይበልዎት እንጂ።»

እሳቸው ግን የሚያዩት መንገዱን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አላቸው። ወንበሩ ግን ከደጃፍ አልተነሳም። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሴትዮዋ አረፉ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቀበራቸው። የሞቱ ዕለትም በራቸው ክፍት ነበር።

ወንበሩን ደፍሮ ያነሳ ሰው አልተገኘም። ኮምፒውተር ሠሪው ከሥራው ቀና ባለ ቁጥር ወንበሩ ያየዋል። «ማንም ሳይነካቸው በሰላም ሄዱ» ይላል ለራሱ። ጸሎቱ ግን ከከንፈሩ አላልፍ ብሎት ሰነበተ።

የስሙ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ ይታደስ ወይስ ይቅር ብሎ፣ የማደሻውን ደብዳቤ ፍለጋ ኢሜይሉን ከፈተ። ከውዱ ድርጅት የመጡ አርባ አንድ ያልተነበቡ መልእክቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን ነካ። ከድርጅቱ አርማ ሥር፣ ከሩቅ አገር የተላከ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ድንቼ።»