እጁ የቆመ ጊዜ

የኦርኬስትራው መሪ ድምፅን እንደ ሊጥ ነበር የሚያሸው። ወፍራም ድምፅ ላላቸው መሣሪያዎች ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል፣ ለዋሽንቶቹ በእግሩ ጣቶች ይቆማል። ግራ መዳፉ አየሩን ሲዳብስ ሙዚቃው ይለሰልሳል፤ ጡጫው ሲጨበጥ ይጠጥራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

«ድምፅ ከሆድ ነው የሚወጣው፤ ዓይን ምን አገባው?» ይላል።

ያ ክፉ ትኩሳት ከለቀቀው ወዲህ ግን አንድ ነገር ሸቶታል። ልምምድ ክፍል ሲገባ ሰዉ ሁሉ ይንሾካሾካል። አንድ ቀን እየመራ ሳለ ድንገት ዓይኑን ቢገልጥ፣ ተጫዋቾቹ የሚያዩት እሱን አልነበረም። ሁሉም የመጀመሪያዋን ቫዮሊን ተጫዋች ያያሉ። የቫዮሊኗን ደጋን ቀና ስታደርግ ይነሳሉ፤ ዝቅ ስታደርግ ይበርዳሉ። እሷ ደግሞ የገዛ ልጁ ናት።

ልጁ ቦታውን ልትነጥቀው ነው። ያውም ሙዚቃው እንዲህ ባማረበት ጊዜ! ከሕመሙ ከተነሳ ጀምሮ አንድ የተሳሳተ ኖታ እንኳ አልሰማም።

በኮንሰርቱ ዕለት ልጁ ሳታንኳኳ ክፍሉ ገባች። ይሄም አዲስ ንቀት ነው። ትከሻውን ነካ አድርጋ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ለሞኝ እንደሚያስረዳ ሰው ቃሉን እየጎተተች ተናገረች።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ዓይንህን አትጨፍን። እኔን እያየህ ምራ።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብላችሁ ነው አይደል? ሁሉን ደርሼበታለሁ።»

ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረህ?»

ዘወር ብሎ ኮቱን ለበሰ። ቁርጡን የሚያውቅበትን ዘዴ አስቀድሞ አዘጋጅቷል። በለስላሳው ክፍል መሀል፣ ማቆም በሌለበት ቦታ፣ እጁን ያቆማል። አብረውት ካቆሙ ኦርኬስትራው የእሱ ነው። ልጁን ተከትለው ከቀጠሉ፣ ነገ ከኦርኬስትራውም ከቤቱም ትወጣለች።

መብራቱ ደበዘዘ። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አነሳ፤ ሙዚቃው እንደ ሞቀ ውሃ ወረደለት። ለስላሳው ክፍል ደረሰ። እጁን አየር ላይ ቀጥ አደረገ።

ሙዚቃውም ቀጥ አለ። ከአዳራሹ አንዲት ሳል እንኳ አልተሰማችም።

ደስታና ጸጸት አንድ ላይ መጡበት። እንዴት ልጄን ጠረጠርኳት? ይቅርታውን በፈገግታ ሊነግራት ዓይኑን ገለጠ።

ደጋኖቹ ሁሉ፣ የልጁም ጭምር፣ ያለ አንዳች ድምፅ ክሩ ላይ ይመላለሱ ነበር።