ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

የጀጎል ነዋሪዎች ወደ አዲሱ ሰፈር ከተወሰዱ ወዲህ በግንቡ ውስጥ እግሩን የሚያሳርፍ የለም። አሮጌዋ ከተማ እንዳለች ትቆይ ስለተባለ ከየቤቱ አንድም ዕቃ አልተነሳም። መግባት የሚቻለው ከባጃጅ ብዙም በማትበልጥ፣ እስክትመለስ በሯ በማይከፈት የጎብኚ መኪና ብቻ ነው። ረምላም እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጣ ገባች።

አስጎብኚው ከድር የድሮ ጎረቤቷ ልጅ ነው። ገና ሲነሱ ጠጋ ብላ፣ "እባክህ ያንን ከቤቴ በር በላይ ያለውን ምንጣፍ አስወርድልኝ" አለችው። "ልጄ ሩቅያ ከሞተች ዓመት አለፋት፤ አሁን ማን አለች ሊል ነው የተሰቀለው?"

"እማ ረምላ፣ መርፌ እንኳ ማንሳት ክልክል ነው" አላት አንገቱን ደፍቶ።

መኪናዋ የረምላ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። ስክሪኑ ውስጡን አሳየ፦ ቀዩ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች፣ ሩቅያ ወደ አዲሱ ሰፈር በሄዱበት ጠዋት ጠጥታበት ሳታጥበው የወጣችው ብርጭቆ። ከበሩ በላይ ደግሞ የተጠቀለለው ምንጣፍ።

ከድር ማይክሮፎኑን አጥፍቶ አስቀመጠ። መኪናዋ ራሷ ገለጻውን በለስላሳ ድምፅ ቀጠለች፦ "በሐረሪ ባህል ይህ ምንጣፍ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ እንዳለች ይናገራል።"

"ውይ፣ ደስ ሲል!" አለች ለጫጉላ ከአዳማ የመጣች ሙሽራ፣ የባሏን ክንድ እንደያዘች። "ታዲያ ልጅቷ አገባች?"

ከድር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ረምላ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታችው።

"ገና ናት" አለች። "ሽማግሌ እየተመላለሰ ነው።"