የስልኩ ዝናብ

ሽማግሌው ጃተኒ ሁለት ዓይናቸውን ታክመው፣ ፋሻ እንደታሰረላቸው ያቤሎ ከተማ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል። እንቅልፍ ግን እምቢ አላቸው። ድርቁ የጨረሰውን ከብት እያሰቡ ይገላበጣሉ። ወንድማቸው ዋርዮ የተረፉትን ይዞ ውሃ ወዳለበት ሩቅ አገር ሊነሳ ነው።

ልጃቸው ኩሌ አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ስልኳ ላይ ለእንቅልፍ የሚሆን የዝናብ ድምፅ ከፈተችላቸው።

«ዘነበ እንዴ፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ፣ እየዘነበ ነው። አሁን ይተኙ።»

ፈገግ አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ማንኮራፋት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከፈተችላቸው፤ በየቀኑም እንደ ሕፃን ተኙ።

ፋሻው ተፈቶላቸው ከሐኪም ቤት ሲወጡ የኩሌ ስልክ ጮኸ። ዋርዮ ነበር።

«ልነሳ ስል ለአባትሽ ብደውልለት፣ ‹ዝናብ ገብቷል፣ ከብቶቹን እንዳታንቀሳቅስ› አለኝ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ከብቱ ሁሉ አለቀ። የመጨረሻዋም ላም ዛሬ ጠዋት ወደቀች። ምን ባደርገው ነው የዋሸኝ?»

ኩሌ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። አባቷ ፊቷን ዳግም ማየታቸው ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ዋርዮ ነው? ስጪኝ እስቲ፣ ስለ ዝናቡ ያጫውተኝ።»