በእግራቸው ተጉዘው ዊልቸራቸውን ያጡት እናት

«እትዬ ሽታዬ፣ በፈጠረዎት አምላክ ባጃጁ ውስጥ ይግቡ!»

«አልገባም አልኩህ እኮ ኩማ... መንገዱን ልቀቅልኝ።»

ኩማ አንገቱን ከባጃጁ አውጥቶ ሲለምናቸው ይሄ አራተኛው ነው።

ኩማ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነው። የዚያን እሁድ እድሩ ለአንድ ዊልቸር መግዣ የእግር ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር... ከሀዋሳው አሞራ ገደል እስከ ታቦር ተራራ ስር፣ ደርሶ መልስ።

እስከ መጨረሻ ለተጓዘ ሰው ስፖንሰሮቹ ቃል የገቡትን ይሰጣሉ። ላቋረጠ... ምንም።

ኩማ ከሾፌሩ ከኑሪ ጋር ባጃጅ ላይ ሆኖ ውሃ ያድላል፣ የደከመውን ይጭናል።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ?

ዊልቸሩን ለማግኘት ከተመዘገቡት ሰዎች መካከል ተራ ቁጥር አንድ... ራሳቸው እትዬ ሽታዬ ናቸው!

አዎ። አሥራ አንድ ዓመት በመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰቃዩት እትዬ ሽታዬ። ለቅሶ ሲቀሩ «ጉልበቴ»፣ ሰርግ ሲቀሩ «ወገቤ» የሚሉት እትዬ ሽታዬ።

ዛሬ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ከወጣቶቹ ኋላ እየተጓዙ ነው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያታልሉን ነው እንዴ የኖሩት?» አለ ኑሪ።

ኩማ ደክሞታል። ሰባት ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲያገላብጥ፣ የሰው ሰበብ ሲሰማ ኖሮ... ሰው ማመን ራሱ ታክቶታል።

እትዬ ሽታዬ በየመቶ ሜትሩ ይቆማሉ። አጥር ይደገፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ከዚያ ደግሞ ይቀጥላሉ...

ከሌላው ሰው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ጨረሱ። ያጨበጨበላቸው አልነበረም።

ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ!

«ጉድ በል ሀዋሳ! ይሄን ያህል የምትሄድ ሴት ናት ዊልቸር የጠየቀችው?»

«እግዜርንስ አትፈራም?»

«እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር...»

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረጻድቅ ብዙም አላወሩ።

«መራመድ የሚችል ሰው አይገባውም። ይሰረዝ። ወንበሩ ለተከታዩ ይለፍ።»

ተከታይዋ ሂሩት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ወገቧ ተጎድቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ «በምን ልሂድ?» ብላ ቤት የተቀመጠች ልጅ። ረቡዕ ዊልቸሩ ተገዝቶ ቤቷ ደረሰ።

ለእትዬ ሽታዬ ማን ይንገራቸው? መቼም ማንም የማይፈልገው ሥራ የጸሐፊ ነው... ኩማ ተላከ።

ሐሙስ ጠዋት የእትዬ ሽታዬ ትንሿ ሱቅ ዝግ ነበረች። ኩማ «እንደ እናት አምነንዎት...» ብሎ ሊጀምር፣ ንግግሩን በሆዱ እያሰናዳ በራቸውን አንኳኳ።

«ግባ... ክፍት ነው።»

ገብቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

እትዬ ሽታዬ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ጉልበታቸው አብጧል። ጎረቤት ያመጣችላቸው ሾርባ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከእሁድ ጀምሮ አልተነሱም።

«ኩማዬ... ወንበሩ ለሂሩት ደረሳት?»

ኩማ ክው አለ። «ትናንት ወሰደች... እርስዎ በምን አወቁ?»

«ከእኔ ቀጥላ ያለችው እሷ አይደለች? ተመስገን። የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ነገ ያልቃል ብላኝ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «የእኔ ሱቅ ደጄ ላይ ነው... የት ልሄድበት? እሷ ገና ልጅ ናት።»

«ታዲያ ተራዬን ለእሷ ስጡልኝ አይሉም ነበር? ለምን ራስዎን ይገድላሉ?!»



«ብዬ ነበር እኮ ልጄ... በማመልከቻ። ‹ተራ ማስተላለፍ ክልክል ነው› ብሎ በመጣልኝ መልስ ላይ ያለው ፊርማ... ያንተ ነው።»

ኩማ ግድግዳውን ተደገፈ።

ከዚህ በፊት ተራቸውን የሸጡ ሰዎች ስለነበሩ እድሩ ተራ ማስተላለፍን ከልክሏል። ኩማም እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲደርሰው ርዕሱን ብቻ አይቶ «አይቻልም» ብሎ ይፈርማል። የማን እንደሆነ እንኳ አላየም!

«ስሜን ሰርዙ ቢሉንስ ኖሮ?»

«በፈቃዱ የተወ ሰው ወንበር ዕጣ ይወጣበታል አላችሁ። ዕጣው ለእሷ ባይወጣስ? ‹አይገባውም› ተብሎ የተሰረዘ ሰው ወንበር ግን... ቀጥታ ለተከታዩ ያልፋል። ደንባችሁን ከእናንተ በላይ አነበብኩት።»

ኩማ እንባው መጣ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። አሁኑኑ ሄጄ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ!»

«ተው!» ጮኹ... ጩኸቱ ራሱ አመማቸው። «አንተ አፍህን የከፈትክ ቀን ወንበሩን ከልጅቷ ነጥቀው ዕጣ ያወጡበታል። እኔን ይስደቡኝ። ስድቡ ከጉልበቴ አይብስም።»

ኩማ ወጣ። ሁለት ጎረቤቶች ደጅ ላይ ጠበቁት።

«ነገርካት ያቺን አጭበርባሪ?»

«ነገርኳት» አለ ኩማ። ሌላ ምን ይበል?

ሂሩት ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እትዬ ሽታዬ ለቅሶ በቀሩ ቁጥር ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያሽሟጥጣል። ኩማም ያቀረቅራል።

(ስማቸውን ቀይሬያለሁ፤ ሰፈሩንም አልነግራችሁም... ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።)

ወገኖቼ... የሰውን ሕመም በአረማመዱ አንለካ። አንድ ቀን ቆሞ ሲሄድ ያየነው ሰው፣ ለዚያች አንድ ቀን ስንት ቀን ተኝቶ እንደሚከፍል አናውቅም። «አይቻልም» ብለን ከመፈረማችን በፊትም... እስኪ ወረቀቱን እናንብበው።

እናንተ ኩማን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ተናግራችሁ የእትዬ ሽታዬን ስም ታጠሩ ነበር... ወይስ ዝም ብላችሁ የሂሩትን ወንበር ታተርፉ ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁለትም።