አንድ ፀጉር

የመላጊያ ማሽን ቢላ በማሰር ኑዕማንን የሚያህል የካ ውስጥ የለም። የላገው ጣውላ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ የሚያወጣበት አናጺ ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። የምህንድስና ዲግሪ እንዳለው ያልሰማ አናጺም የለም፤ ቢላውን እያሰረ ይናገራልና። እንዴት እንደተበደለም እንዲሁ።

በደሉ ይህ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ የመጨረሻው የወርክሾፕ ፈተና የአንድ መላጊያ ማሽን ሦስት ቢላዎችን እኩል አድርጎ ማሰር ነበር። ከክፍሉ አንደኛ የወጣ በረዳት መምህርነት እዚያው ይቀራል። ለአንደኝነቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኑዕማንና ዘሊካ። ኑዕማን ሦስቱንም አስሮ፣ ለክቶ፣ ዙሁር ሰግዶ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ መምህር በዳዳ ፈትሸው፣ በውጤት ወረቀቱ ላይ ከ«ሁለተኛ ቢላ» ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ጻፉበት፦ አንድ ፀጉር።

«የሰው ኑሮ በአንድ ፀጉር ስፋት ይበላሻል?» ይላል ኑዕማን ለየአናጺው። «እኔ እኩል አድርጌ ነው ያሰርኩት። ሶላት ስሄድ ማሽኑን የጠበቀችልኝ ዘሊካ ናት፤ ከእሷ ሌላ አጠገቡ የደረሰ የለም። ታዲያ ማን ዋሸ? ሰውዬው ነው እንጂ።»

ሥራውን ዘሊካ አገኘች። ኑዕማን ግን አልተቀየማትም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ እምቢ ያለችው ልጅ፣ በዚያው ወር ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎች ገና ወንበር ሳይስቡ እሺ ብላ አገባችው። ከዚያ ፈተና ያተረፈው ነገር ቢኖር እሷን ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ የካ ሚካኤል አጠገብ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተዋል፤ የመጀመሪያውን ደንበኛቸውን የዋንዛ ጠረጴዛ ለዓርብ ማድረስ አለባቸው፤ ጎበዝ ቢላ አሳሪ አለ ተብለው ነው የደወሉት። ስሜ በዳዳ ይባላል አሉ። ኑዕማን የራሱን ስም ሳይነግራቸው እመጣለሁ ብሎ ዘጋ።

ዘሊካ ወደ ሥራ ልትወጣ ሂጃቧን በስፒል እያያያዘች ነበር። የማን ስልክ እንደሆነ ስትሰማ እጇ አገጯ ሥር ቀረ።

«ይቅርብህ» አለችው። «ትልቅ ሰው ናቸው። የድሮ ነገር አንስተህ አታስጨንቃቸው፤ ሌላ ሰው ላክላቸው።»

ሁልጊዜም እንዲህ ናት። ፈተናው በተነሳ ቁጥር ለመምህሩ የምታዝነው እሷ ናት። ኑዕማን በደግነቷ ተገርሞ፣ እሺ ብሎ ሸኛት።

ከዚያ ተቀምጦ አሰበ። ብሎን አላልቶ ሰው ላይ አደጋ የሚጥል ሰው አይደለም። የሚፈልገው የተሰጠውን በልኩ መመለስ ነው። አንድ ፀጉር፤ አይበልጥም፣ አያንስም። ጠረጴዛው ሞገድ በሞገድ ይሁንና ሽማግሌውም ምክንያቱን ሳያውቁ ጥቂት ይብከንከኑ።

ችግሩ ፀጉሩ ነበር። የኑዕማን ራስ ከሠላሳ ዓመቱ ጀምሮ እንደ ተላገ ጣውላ ነው። ስለዚህ ከዘሊካ ማበጠሪያ አንዲት ረጅም ፀጉር መዘዘ። ከልጅነቷ ጀምሮ በሂና የምታቀላው ፀጉር ነው፤ ከቤት ውጭ ግን አንዲት ዘለላ እንኳ አምልጣ ታይታ አታውቅም። ኑዕማን ራሱ ቀለሙን ያየው ከኒካሕ በኋላ ነው። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት፤ ከኮተቤም ታክሲ ተሳፈረ።

መምህር በዳዳ በር ላይ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አዩት።

«ኑዕማን? አንተ ነህ እንዴ? ያ ጥቁር ጎፈሬ የት ደረሰ?»

«ዩኒቨርሲቲው አስቀረው» አላቸው።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ሶኬቱን ነቅሎ ሥራውን ጀመረ። እያንዳንዱ ቢላ ማሽኑ ውስጥ ባለው ከበሮ ላይ፣ በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ራስ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንደኛውንና ሦስተኛውን እንከን በሌለው መንገድ አሰረ። መምህሩ ሻይ ሊያዙ ወጣ ሲሉ፣ ፀጉሯን በሁለተኛው ቢላ ብሎኖች ላይ አጋድሞ ቢላውን ከላይ አስቀመጠና አጠበቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

መምህሩ ሲመለሱ ግን ሻዩን አስቀምጠው የቢላ ከፍታ የሚለኩባትን ትንሽ ዘንግ አነሡ።

«የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም» አሉ።

ዘንጓን የማሽኑ ገበታ ላይ አጋድመው ከበሮውን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩ። አንደኛው ቢላ ዘንጓን ነክቶ ሦስት ሚሊሜትር ወሰዳት። ሁለተኛው አራት፤ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሦስተኛው ሦስት። ደግመው አዞሩ፤ ያው ነው። ኑዕማን ልቡ ቢደነግጥም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠናው የኖረው ጥያቄ አላስቻለው።

«ታዲያ ስንት ስቷል፣ መምህር?»

መምህር በዳዳ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። መፍቻውን ከእጁ ተቀበሉ፣ ሁለተኛውን ቢላ አላልተው አነሡ፣ ፀጉሯንም በጥፍራቸው ቆንጥረው አወጡ። የኑዕማን ራስ በላብ አበራ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ ዓይናቸው አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ጠበበ።

«ያኔ ጽፌልህ አልነበር?» አሉት።

«የጻፉት ልኩን ነው።»

«ልክማ በቁጥር ነው የሚጻፈው። እኔ የጻፍኩት ቢላው ሥር ያገኘሁትን ነው።»

ፀጉሯን በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጓት።

«ልክ እንዲህ ረጅም» አሉ፣ «እንዲህ ቀይ።»