ሦስት ጣት

«አፍዎን ይክፈቱ፣ አባቴ። የቻሉትን ያህል።»

አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ከፈተ። የማደንዘዣ ሐኪሟ ጓንት ያጠለቀችባቸውን ሦስት ጣቶቿን ደርድራ በላይኛውና በታችኛው ጥርሱ መካከል አስገባች። ልክክ አሉ።

«በጣም ጥሩ!» አለችና ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። «ከተኙ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ የምናስገባው በዚህ ነው። ሦስት ጣት ከገባ አያስቸግርም። በሉ፣ እንሂድ።»

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወስደው ባለጎማ አልጋ በሩ ላይ ቆሟል። የሐሞት ጠጠር ሦስት ወር ሙሉ እህል አስጠልቶታል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ዛሬ ግን ተጠራ። ልቡ ከማለዳ ጀምሮ ፔዳሉ እንደተረገጠ የስፌት መኪና ይሮጣል።

ዓይኑ ግን የሐኪሟ ጣቶች ላይ ተተክሎ ቀረ። ቀጫጭን ናቸው። አርባ ዓመት ሰው ሲለካ የኖረ ዓይን እንዲህ ያለውን አያልፍም።

«ልጄ፣ የማን ጣት ነው ልኩ?»

«እንዴት?»

«ሦስት ጣት አልሽ። ያንቺ ነው ወይስ የኔ?»

ከራስጌው የቆመችው ልጁ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አባዬ! አለፍክ እኮ! ዝም በል በሞቴ። ደግሞ ይመልሱህ?»

እሱም የፈራው ይህንኑ ነው። ነገሩን ዋጥ ቢያደርገው አሁኑኑ ይወስዱታል። ነገር ግን ልኩን ሳያምንበት መቀስ አንስቶ አያውቅም።

«በጎረቤት ልክ የተቆረጠ ሱሪ ሠርግ ላይ ነው የሚቀደደው» አለና መርፌና መቀስ ያደነደናቸውን የራሱን ጣቶች ወደ አፉ ሰደደ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው ጥርሱ ላይ ቆመ።

ሐኪሟ መጻፏን ተወች። «ይድገሙት እስቲ።»

ደገመ። ሁለት።

«ልክ ነዎት፣ መለኪያው የራስዎ ጣት ነው። መንጋጋዎ ተጎድቶ ያውቃል?»

«በልጅነቴ ከጣራ ወድቄ ነበር። ስስቅ እንኳ ይይዘኛል።»

«ቅድም ስጠይቅዎት ለምን ደበቁኝ?»

«እንዳትመልሺኝ ብዬ።»

«በል እንግዲህ!» አለች ልጁ፤ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አንድ ጫማውን ጎተተች። «እጅህን ወደ አፍህ፣ እግርህን ወደ ቤትህ!»

ሐኪሟ አልሰማቻትም። ያደረገችውን ምልክት ሰረዘች። አንገቱን ወደ ኋላ እንዲያዘነብል አደረገችው፤ አገጩን በጎን አየችው፤ እንደገና አፉን አስከፈተችውና በባትሪ ጉሮሮውን ተመለከተች። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል።

«ማን ይመልስዎታል? የሚያስፈራው ሳላውቅ አስተኝቼዎት ቢሆን ነበር። አሁንማ አወቅሁ!»

ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብላ ተጣራች። «ካሜራ ያለውን የጉሮሮ ማያ መሣሪያ አምጡልኝ! ቀጭኑንም ቱቦ! አለቃችንን ጥሩት፣ አብሮኝ ይግባ! ሰውየው ይገባሉ፤ ዛሬውኑ ይገባሉ!»

ሩጫ ሆነ። አንዱ መሳቢያ ከፈተ፤ ሌላው በስልክ አለቃውን ጠራ። ልብስ ሰፊውን ብድግ አድርገው ባለጎማው አልጋ ላይ አጋደሙትና ገፉት። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ወረፋ ጠባቂዎች እግራቸውን ሰበሰቡለት። የጣራው መብራቶች በላዩ እየተከታተሉ ያልፋሉ።

ልጁ ያን አንድ ጫማ በእጇ እንዳንጠለጠለች ከጎኑ ትሮጣለች። ትሳቅ ታልቅስ፣ ከታች ሆኖ አልለየለትም።